የክፍል ቴክኖሎጂ በንባብ ትምህርት

የክፍል ቴክኖሎጂ በንባብ ትምህርት ማለት ተማሪዎች በንባብ ክፍለ ጊዜ የሚኖራቸውን ተሳትፎ ለመጨመር ራዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ ፕሮጀክተር፣ ኮምፒውተር፣ ታብሌት፣ የእጅ ስልክና የመሳሰሉ መሣሪያዎች የሚያገለግሉበት አሠራር ነው። ይህ መጣጥፍ በዋናነት የኢትዮጵያን፣ በተለይም የአዲስ አበባን ልምድ የሚመለከት ሲሆን ቂርቆስ ክፍለ ከተማንና ካዛንቺስን በምሳሌነት ያነሳል።

በኢትዮጵያም ሆነ በሌሎች አገሮች የታየው ልምድ እንደሚያመለክተው መሣሪያው የተማሪውን ዓይን መሳቡ ብቻ የንባብ ችሎታን አያሳድግም። ልዩነት የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ተማሪው ራሱ የሚያነብበት ጊዜ መጨመሩ፣ ይዘቱ በሚያውቀው ቋንቋ መዘጋጀቱ እና የትምህርቱን ፍጥነት መምህሩ መቆጣጠር መቻሉ።

የተሳትፎ ትርጉም

በትምህርት ጥናት «ተሳትፎ» የሚለው ቃል እጅ ከማውጣትና ጥያቄ ከመመለስ የሰፋ ትርጉም አለው። ጄኒፈር ፍሬድሪክስ፣ ፊሊስ ብሉመንፌልድና አሊሰን ፓሪስ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ብዙ ጊዜ የሚጠቀስ ጽሑፍ ተሳትፎን በሦስት ከፍለውታል።

የባህርይ ተሳትፎ፦ ተማሪው በክፍል መገኘቱ፣ መመሪያ መከተሉና የተሰጠውን ሥራ መሥራቱ።

የስሜት ተሳትፎ፦ ለትምህርቱ ያለው ፍላጎት፣ ደስታ፣ ስልቹነት ወይም ፍርሃት።

የአእምሮ ተሳትፎ፦ የሚያነበውን ለመረዳት የሚያደርገው ጥረት፤ ለምሳሌ ያልገባውን መልሶ ማንበብ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን መገመት።

ልዩነቱ ለቴክኖሎጂ ምዘና ጠቃሚ ነው። ልጆች ፊልም ሲከፈትላቸው ጸጥ ብለው ሊቀመጡና ሊደሰቱ ይችላሉ። ይህ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ያሳያል እንጂ ሦስተኛው ስለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። በንባብ ክፍለ ጊዜ ዋናው ጥያቄ ልጁ በዚያ ሰዓት ስንት ቃል አነበበ፣ ከዚያስ ምን ተረዳ የሚለው ነው።

ማንበብን መማር

የንባብ ትምህርት ባለሙያዎች ማንበብን የመማር ሂደት አብዛኛውን ጊዜ በአምስት ክህሎቶች ይከፍሉታል። እነሱም የቃላትን ድምፅ ለይቶ መስማት፣ ፊደልን ከድምፅ ጋር ማዛመድ፣ አቀላጥፎ ማንበብ፣ የቃላት እውቀትና አንብቦ መረዳት ናቸው። አንድ መሣሪያ ለሁሉም እኩል አይጠቅምም። የድምፅ ቅጂ ለመጀመሪያውና ለሦስተኛው ይረዳል፤ የፊደል ጨዋታ ለሁለተኛው፤ ለአምስተኛው ግን የመምህሩንና የጓደኛን ጥያቄ የሚተካ መሣሪያ እምብዛም አይገኝም።

የችግሩ ስፋት በሰፊው የታወቀው በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2010) በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ነው። ምዘናው የ2ኛና የ3ኛ ክፍል ተማሪዎችን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አስነብቦ የፈተነ ሲሆን፣ ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አለመቻላቸውን አሳይቷል። በክልሎችና በቋንቋዎች መካከል ሰፊ ልዩነት የነበረ ሲሆን አዲስ አበባ የተሻለ ውጤት ካገኙት መካከል ነበረች። ውጤቱን ተከትሎ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በትምህርት ሚኒስቴርና በአሜሪካ ዓለም አቀፍ ልማት ድርጅት ትብብር በሰባት ቋንቋዎች፣ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በሲዳምኛ፣ በወላይትኛና በሀዲይኛ፣ አዲስ የንባብ ሥርዓተ ትምህርትና መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል።

ታሪክ

የፊደል ገበታ

በኢትዮጵያ ለንባብ ትምህርት ከዋሉ የማስተማሪያ መሣሪያዎች በስፋቱ የሚወዳደረው የሌለው የፊደል ገበታ ነው። በቄስ ትምህርት ቤት ተማሪው ፊደል ቆጥሮ፣ አቡጊዳ ብሎ፣ ከዚያም በንባብ ደረጃዎች አልፎ ዳዊት ይደግማል። ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ እያሳተሙ ያሰራጩት የፊደል ገበታ በብዙ ሺህ ቤቶች የገባ የመጀመሪያው የንባብ መማሪያ ሆኗል። ገበታው መብራት አይፈልግም፤ ልጁ በስንደዶ እየጠቆመ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይላል፤ የኔታም ሰምተው ወዲያው ያርማሉ። ይህ ጠቁሞ የማለትና ወዲያው የመታረም ዘዴ ዛሬ የንባብ መተግበሪያዎች ሊሠሩት የሚሞክሩት ነው። የዘዴው ድክመት ልጁ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ሸምድዶ ፊደሉን ለብቻው ሲያየው ላይለየው መቻሉ ነው።

ራዲዮና ቴሌቪዥን

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. መጀመሪያ (እ.ኤ.አ. 1964) ሥርጭት ከጀመረ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የትምህርት ፕሮግራሞች መተላለፍ ጀመሩ። የትምህርት ራዲዮ ደግሞ ለአሥርተ ዓመታት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አገልግሏል። በተለይ በእንግሊዝኛ ትምህርት የተሠራበት አሳታፊ የራዲዮ ትምህርት አቅራቢው ጠይቆ ለተማሪዎች መልስ ጸጥታ የሚተውበት፣ መምህሩም በክፍሉ ውስጥ የሚያስተባብርበት ዘዴ ነው። በአዲስ አበባ የከተማው ትምህርት ቢሮ በኤፍ ኤም 94.7 የትምህርት ራዲዮ ሥርጭት ያካሂዳል።

ፕላዝማ

በ1997 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2004/05) መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ክፍሎች ጠፍጣፋ ስክሪኖችን ተክሎ በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት ጀመረ። ተማሪዎች መሣሪያውንም ትምህርቱንም በአንድ ላይ «ፕላዝማ» ይሉታል። እንግሊዝኛን፣ ሒሳብንና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶችን ያካተተው ይዘት በደቡብ አፍሪካ በእንግሊዝኛ ተዘጋጅቶ ነበር። ዓላማው በከተማና በገጠር ላሉ ተማሪዎች እኩል ጥራት ያለው ትምህርት ማዳረስ ነበር።

ፕላዝማ በወቅቱ በአፍሪካ ከተሞከሩት ትላልቅ የክፍል ቴክኖሎጂ ሥራዎች አንዱ ነው። በሥዕልና በእንቅስቃሴ የታገዘ መሆኑ፣ ቤተ ሙከራ በሌላቸው ትምህርት ቤቶች ሙከራ ማሳየት መቻሉ ተመስግኖለታል። ነገር ግን ሥርጭቱ ለሁሉም ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ይተላለፍ ስለነበር ማቆምም መመለስም አይቻልም ነበር። ለመምህሩ የሚቀሩት በክፍለ ጊዜው መጀመሪያና መጨረሻ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። በስክሪኑ ላይ የሚታየው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብዙ ተማሪዎች አንብበው ሳይጨርሱት ያልፋል፤ «ለጥያቄው መልስ ስጡ» የሚለው ጊዜም ሳይመልሱ ያልቃል። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርት ያልፋል። በመሆኑም ፕላዝማ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ቋንቋና ስለ መምህሩ ሚና በሚደረጉ ውይይቶች ሁሉ የሚነሳ ምሳሌ ሆኗል።

ላፕቶፕና ታብሌት

እ.ኤ.አ. በ2008 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» በተባለው ዓለም አቀፍ እንቅስቃሴ ኤክስኦ የሚባሉ 5,000 ያህል ትናንሽ ላፕቶፖች አዲስ አበባን ጨምሮ ለኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ተሰጡ። የመማሪያ መጻሕፍት በኮምፒውተሩ ተጭነው ነበር። በግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ኒና ሃንሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት ላፕቶፕ ያገኙት ልጆች ካላገኙት ይልቅ በአንዳንድ የረቂቅ አስተሳሰብ ፈተናዎች የተሻለ ውጤት ማግኘታቸውን ገልጸዋል። ጥናቱ የለካው የማሰብ ችሎታን እንጂ የንባብ ችሎታን አለመሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዚያው ዓመት በኒኮላስ ኔግሮፖንቴ የሚመራው ይኸው ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የኦሮሚያ መንደሮች፣ በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ፣ ለልጆች ሞቶሮላ ዙም ታብሌቶችን ያለ መምህር ሰጠ። ልጆቹ መሣሪያውን በራሳቸው ከፍተው መተግበሪያዎችን መጠቀም መጀመራቸው፣ በጥቂት ወራት ውስጥም የተቆለፈውን የካሜራ አገልግሎት ማስከፈታቸው በዓለም መገናኛ ብዙኃን በሰፊው ተወራ። ሙከራው የልጆችን የማወቅ ጉጉትና ብልሃት በግልጽ ያሳየ ነበር። ሆኖም የተጫነው ይዘት በእንግሊዝኛ ስለነበር ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ ማንበብ መቻል አለመቻላቸውን የሚመልስ አልነበረም።

የልጆች ፕሮግራሞችና መጻሕፍት

ብሩክታዊት ጥጋቡና ሼን ኤትዘንሃውዘር የመሠረቱት ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአማርኛ የልጆች ፕሮግራም እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አቅርቧል። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ፀሐይ የተባለች ቀጭኔ ናት። ፕሮግራሙ ዓለም አቀፍ ሽልማቶችን ያገኘ ሲሆን ብሩክታዊት እ.ኤ.አ. በ2010 የሮሌክስ ወጣት ተሸላሚ ሆናለች። በመጻሕፍት በኩል ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የመሠረቱት ኢትዮጵያ ሪድስ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፍቷል። በኢንተርኔት ደግሞ የአፍሪካ ታሪኮች መጻሕፍት ፕሮጀክትና ዓለም አቀፉ ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በአማርኛና በሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በነፃ ሊወርዱና ሊታተሙ የሚችሉ የልጆች ታሪኮችን ያቀርባሉ።

የኮቪድ-19 ጊዜ

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ሲወሰን ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም እንዲቀጥል ተሞከረ። በአዲስ አበባ መምህራን ማስታወሻና የቤት ሥራ በቴሌግራም ይልኩ ነበር። ይህ ዘዴ ማንበብ ለሚችሉ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲያገለግል ገና ፊደል በመለየት ላይ ላሉት ልጆች ግን አጠገባቸው የሚያነብላቸው ሰው ካልነበረ ብዙም አልረዳም። የተላከው ራሱ ጽሑፍ ነበርና።

ቂርቆስና ካዛንቺስ

ቂርቆስ ከአዲስ አበባ 11 ክፍለ ከተሞች አንዱ ሲሆን ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። መስቀል አደባባይ፣ ለገሃርና ካዛንቺስ በውስጡ ይገኛሉ። ካዛንቺስ የሚለው ስም ጣሊያን አገሪቱን በያዘበት ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለ ተቋም የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፣ በአፍ ሲዞር ካዛንቺስ ሆኗል።

አካባቢው በአፍሪካ የትምህርት ፖሊሲ ታሪክ ውስጥ ቦታ አለው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ እዚሁ ነው። ኮሚሽኑና ዩኔስኮ በግንቦት 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) በአዲስ አበባ በጠሩት ጉባኤ የአፍሪካ አገሮች እ.ኤ.አ. በ1980 የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ለሁሉም ልጆች ለማዳረስ ዕቅድ አውጥተዋል። በግንቦት 1998 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2006) ደግሞ በቴክኖሎጂ ስለታገዘ ትምህርት የሚመክረው ኢ-ለርኒንግ አፍሪካ የተባለው ዓመታዊ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው በዚሁ ኮሚሽን የስብሰባ ማዕከል ነው።

ከስብሰባ ማዕከሉ ውጭ ያለው የአካባቢው ኑሮ ግን የተለያየ ነው። ከትላልቅ ሆቴሎችና ቢሮዎች ጀርባ ለረጅም ጊዜ የቆዩ የቀበሌ ቤቶች ነበሩ፤ በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ ስማርት ቦርድና የኮምፒውተር ክፍል ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶችና አንድ ፕሮጀክተር ለብዙ ክፍሎች የሚጋሩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ጎን ለጎን ይገኛሉ። በብዙ ቤተሰብ ስማርት ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ቀን ከወላጅ ጋር ወደ ሥራ ይሄዳል። ስለዚህ በስልክ የሚላክ የንባብ ሥራ የሚሠራው ማታ ስልኩ ቤት ሲገባ፣ ባትሪና ካርድ ሲኖረው ነው።

በ2017 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀመር የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ፈርሶ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛወሩ። ቤተሰብ ሲዛወር ልጁ መምህሩን፣ ጓደኞቹንና የለመደውን መጽሐፍ መደርደሪያ ይለቃል። በንባብ ትምህርት በኩል ይህ ሁኔታ የመሣሪያ ምርጫን ይነካል። በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ስክሪን ከልጁ ጋር አይሄድም፤ በወላጅ ስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ያለ የታሪክ መጽሐፍና የመምህሩ የድምፅ ቅጂ ግን አብሮ ይሄዳል። በአዲሱ ትምህርት ቤት ያለው መምህርም ልጁ የት ድረስ እንዳነበበ ለማወቅ የሚያግዘው መዝገብ ያስፈልገዋል።

ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው አራት ኪሎ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት የሕፃናት ክፍልና የኮምፒውተር አገልግሎት አለው።

የመሣሪያዎች ዓይነትና አጠቃቀም

ፕሮጀክተር፦ አንድን ጽሑፍ ለሙሉ ክፍል በትልቁ ያሳያል። መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚጋራበት ክፍል ሁሉም ልጅ ጽሑፉን እንዲያይ ያስችላል። መምህሩ ቃል በቃል እየገለጠ ወይም አንድ ቃል ደብቆ «እዚህ ምን ይገባል?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

የድምፅ ቅጂና ስፒከር፦ መምህሩ ታሪኩን በራሱ ስልክ አንብቦ ይቀዳል፤ ተማሪዎች ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስከተሉ ያዳምጣሉ። ቅጂው ሲቆም ቀጣዩን ዓረፍተ ነገር እነሱ ያነባሉ። ዋጋው አነስተኛ ነው፤ ፍጥነቱም በመምህሩ እጅ ነው።

ታብሌትና የንባብ መተግበሪያ፦ ፊደልን ከድምፅ የሚያዛምዱ ጨዋታዎች ለእያንዳንዱ ልጅ ወዲያው «ትክክል» ወይም «እንደገና ሞክር» ይላሉ። ልጁ በጓደኞቹ ፊት ሳያፍር ደጋግሞ መሳሳት ይችላል።

በዚያው ቋንቋ የግርጌ ጽሑፍ፦ ዘፈን ወይም ተረት በቪዲዮ ሲቀርብ ግጥሙ ወይም ንግግሩ በዚያው ቋንቋ ከሥር ይጻፋል። በህንድ በፊልም ዘፈኖች ላይ ለዓመታት ተሠርቶበታል። ልጁ ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ዓይኑ ከጽሑፉ ጋር ያገናኘዋል።

የመምህሩ ስልክ፦ የተማሪዎችን ንባብ ለመቅዳት ያገለግላል። በመስከረምና በጥር የተቀዳውን ንባብ አነጻጽሮ ማሰማት ለልጁም ለወላጁም እድገቱን በግልጽ ያሳያል።

የፊደል ቴክኒካዊ ጉዳዮች

የአማርኛ የንባብ መተግበሪያ ለእንግሊዝኛ ከተሠራው ተተርጉሞ ብቻ ሊዘጋጅ አይችልም። በእንግሊዝኛ 26 ፊደላትን አገጣጥሞ ድምፅ ማውጣት ዋናው ፈተና ሲሆን በአማርኛ 33 መሠረታዊ ፊደላት በሰባት ቅርጽ 231 ይሆናሉ፤ እንደ ሏ እና ቋ ያሉት ሲጨመሩ ቁጥሩ ከዚህ ያልፋል። በሌላ በኩል አንድ ፊደል በአብዛኛው ያንኑ ድምፅ ስለሚወክል አንዴ የተለየ ፊደል እምብዛም አያሳስትም።

የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 ዕትም ነው። ከዚያ በፊት በአንድ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ በሌላ ኮምፒውተር የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። በዩኒኮድ አሰላለፍ እያንዳንዱ የፊደል ቤተሰብ ስምንት ስምንት ቦታ ይዟል፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ ተከታትለው ይመጣሉ። በመሆኑም የአንድን ፊደል ቁጥር ለስምንት አካፍሎ ቀሪውን በማየት ፊደሉ ካዕብ ይሁን ሣልስ በአብዛኛው ማወቅ ይቻላል። «የዚህን ቤተሰብ ራብዕ ፈልግ» የመሰለ ጨዋታ ለመሥራት ይህ ብቻ ይበቃል።

ሦስት ጉዳዮች ግን ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። አንደኛ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ በአማርኛ አንድ ድምፅ አላቸው። ልጁ «ጸሐይ» ብሎ ሲጽፍ «ፀሐይ»ን ብቻ የሚቀበል መተግበሪያ ድምፁን በትክክል የሰማን ልጅ ተሳስተሃል ይለዋል። ሁለተኛ፣ የአማርኛ ጽሑፍ መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰን ነገር ሲያመለክት ሲጠብቅ በዓሉ ነው፤ «ዋና»ም እንደዚያው። በማሽን የሚነበብ ድምፅ ይህን ከሳተ ልጁ የተሳሳተ ንባብ ይለምዳል፤ ስለዚህ በሰው የተቀዳ ድምፅ ይመረጣል። ሦስተኛ፣ በአዲስ አበባ ከአማርኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞ የሚማሩ ተማሪዎች ስላሉ መተግበሪያው ፊደልንም ቁቤንም ማስተናገድ አለበት።

የመረጃ መጠን ለጽሑፍ ችግር አይደለም። በተለመደው የዩኒኮድ አቀማመጥ አንድ የአማርኛ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ 1,000 ፊደል ያለው አጭር ታሪክ 3 ኪሎባይት ያህል ነው፤ በመካከለኛ ጥራት የተቀዳ የአንድ ደቂቃ ንባብም ከግማሽ ሜጋባይት አይበልጥም። የአንድ ዓመት የንባብ ታሪኮች ከነድምፃቸው በአንድ ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ይገባሉ። ውድ ኢንተርኔት የሚጠይቀው ቪዲዮ ነው።

የምርምር ውጤቶች

በኬንያ ኪሱሙ አካባቢ ቤንጃሚን ፓይፐርና ባልደረቦቹ ሦስት አማራጮችን አነጻጽረዋል፦ ታብሌት ለመምህራን አሠልጣኞች፣ ታብሌት ለመምህራን እና የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ ለተማሪዎች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ጥናት እንደሚለው ሦስቱም የተማሪዎችን ንባብ አሻሽለዋል። ሆኖም ጥሩ መጽሐፍ፣ የመምህር መመሪያና ሥልጠና ብቻ ከያዘው መሠረታዊ ፕሮግራም የጎላ ብልጫ አላሳዩም፤ ወጪያቸው ግን የበለጠ ነበር።

በፔሩ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ላፕቶፕ መስጠት ብቻውን በቋንቋና በሒሳብ ውጤት ላይ የታየ ለውጥ አለማምጣቱን እ.ኤ.አ. በ2012 አስታውቋል። ከእነዚህ ውጤቶች የሚወሰደው ትምህርት ቴክኖሎጂ አይጠቅምም የሚል አይደለም፤ ጥሩ የንባብ ትምህርት ያለበትን ክፍል ያግዛል፣ የሌለበትን ክፍል ግን ሊተካ አይችልም የሚል ነው።

ችግሮችና ትችቶች

የመብራት መቋረጥ፣ የጥገና ባለሙያና የመለዋወጫ እጥረት በብዙ ትምህርት ቤቶች የታወቁ ችግሮች ናቸው። መሣሪያ እንዳይሰበር ወይም እንዳይጠፋ ተብሎ ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት የሚቀመጥበት ጊዜም አለ።

ሌላው ትችት መሣሪያው ቀድሞ ተገዝቶ ይዘት በኋላ መፈለጉ ነው። በአማርኛ ለልጆች የተዘጋጁ ነፃ ታሪኮች ቁጥር ቢጨምርም በደረጃ የተመደቡ፣ ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር የተገናኙት ጥቂት ናቸው። በአዲስ አበባ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ወላጆች መተግበሪያ ሲመርጡ ወደ እንግሊዝኛ ያዘነብላሉ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋ አቀላጥፎ ያላነበበ ልጅ ግን በሁለቱም ሊቸገር ይችላል።

ሦስተኛው ትችት የተራ ጉዳይ ነው። አንድ ታብሌት ለስድስት ልጆች ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ቀድሞም ማንበብ የሚችለው ወይም ደፋሩ ልጅ ነው። ጀርባ የተቀመጠው ያያል፣ ይስቃል፣ አያነብም። ከሩቅ ለሚያይ ጎብኚ ክፍሉ በሙሉ የተሳተፈ ይመስላል።

የክፍለ ጊዜ ምሳሌ

60 ተማሪ ባለበት ክፍል 40 ደቂቃውን በሙሉ አንድ በአንድ ቢያስነብቡ ለአንድ ልጅ የሚደርሰው 40 ሰከንድ ነው። የቀረውን ጊዜ ሌሎችን ያዳምጣል። በአንጻሩ ተማሪዎች ሁለት ሁለት ሆነው ለ10 ደቂቃ ብቻ ቢነባበቡ እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ያነባል። ቴክኖሎጂው ጠቃሚ የሚሆነው ይህን ጊዜ ሲያሰፋ ነው። በአንድ ፕሮጀክተርና በአንድ ስፒከር ሊሠራ የሚችል የ3ኛ ክፍል ምሳሌ የሚከተለው ነው።

በመጀመሪያዎቹ 5 ደቂቃዎች መምህሩ የታሪኩን ርዕስና ሥዕል ያሳያል። ርዕሱ ለምሳሌ «ታክሲ ተራ» ቢሆን ልጆቹ ምን እንደሚሆን ይገምታሉ። ሦስት አዳዲስ ቃላትም ይነበባሉ።

በሚቀጥሉት 8 ደቂቃዎች የተቀዳው ንባብ ይከፈታል፤ ልጆች በዓይናቸው ይከተላሉ። በየዓረፍተ ነገሩ ቅጂው እየቆመ በጋራ ይደግማሉ።

ከዚያ ፕሮጀክተሩ ላይ ጽሑፉ እንዳለ ሆኖ ድምፁ ይጠፋል። ለ12 ደቂቃ ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው ይነባበባሉ። መምህሩ በወንበሮች መካከል እየዞረ በተለይ የሚቸገሩትን ያዳምጣል፤ የአራት ወይም የአምስት ልጆችን ንባብ በስልኩ ይቀዳል። በየቀኑ ተራ ከተያዘ በሦስት ሳምንት ገደማ ሁሉም ይቀዳሉ።

በቀሩት 15 ደቂቃዎች ጥያቄ ይጠየቃል። መልሱ በጽሑፉ ውስጥ በቀጥታ ያለ፣ ከዚያም «ለምን?» የሚል፣ በመጨረሻም «አንተ ብትሆን፣ አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጉ ነበር?» የሚል ይሆናል። ልጆች መልሳቸውን በደብተር ይጽፋሉ።

በ40 ደቂቃው ውስጥ መብራት ቢሄድ የሚቋረጠው ፕሮጀክተሩ ብቻ ነው። ጽሑፉ አስቀድሞ በጥቂት ወረቀቶች ከታተመ ወይም በሰሌዳ ከተጻፈ ንባቡ ይቀጥላል።